ጎረምሳና ኮረዳ በሕፃናት ክፍል

ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። «ሰዓት አክባሪ ስለነበሩ ነው» አሉኝ። የምቸኩልበት ነገር ሁሉ ካለቀ በኋላ ሰዓት መሸለም ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ቢሆንም አመስግኜ ተቀበልኩ።

በዚያው የስንብት ሻይ ላይ አንዲት አዲስ ተመራቂ ነርስ አጠገቤ መጥታ፣ «ሲስተር ማርታ፣ በሥራ ዘመንዎ ከሁሉ ያስቸገረዎት ክፍል የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የሕፃናት ክፍል።»

«እውነትዎን ነው፤ ሕፃን ሲያለቅስ አንጀት ይበላል።»

«ሕፃናቱስ ደጎች ናቸው» አልኳት። «ያስቸገሩኝ ጢማቸው ያቀመቀመው ናቸው።»

ልጅቷ ሳቀች፤ የቀለድኩ መሰላት። እንዳልቀለድኩ ለማስረዳት ደግሞ የስንብት ሻይ አይበቃም። ስለዚህ ተቀምጬ ልጻፈው ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ። ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው። ወላይታ ውስጥ ወንድሞቼ በተራ ተምረው እስኪጨርሱ ስጠብቅ ዓመታት ሄዱና፣ አንደኛ ክፍል ስገባ ጡት አውጥቼ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ የወተት ጥርሱን ገና አልነቀለም። ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ ስላለ እግሬን ወደ መተላለፊያው ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ መምህሩም ወደ ሰሌዳው በሄዱ ቁጥር እየተደናቀፉ «ይቺ ልጅ ዛሬም አለች?» ይላሉ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ሁለት ነገር ይጠናወተዋል፤ መጽሐፍ ይወዳል፣ ስህተት ይፈራል። ነርስ ሆኜ ስመረቅም ሁለቱንም ይዤ ነው የወጣሁት።

መጀመሪያ የተመደብኩበት የገጠር ጤና ጣቢያ ኃላፊ ለራስ ምታትም፣ ለቁርጠትም፣ ለወገብም ያችኑ ነጭ ኪኒን የሚሰጡ አዛውንት ነበሩ። እኔ መጽሐፌን ገልጬ ስከራከር ሕመምተኛው ድኖ ይሄዳል። ከእሳቸው ጋር ብዙ አልቆየሁም። ደርግ በመጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ሐዋሳ ተዛወርኩ፤ ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ደመወዙ እንደነበረ ነው፤ የመዋጮው ዓይነት ብቻ በዛ።

የተመደብኩት በሕፃናት ክፍል ነው። ክፍሉ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለውን ሁሉ ይቀበላል፤ ካርድ ክፍል ደግሞ ዕድሜ የሚጠይቀው እናትን ነው። ለእናት ልጇ መቼም ሕፃን ነው። እናም በትክትክ ከሚያጓራ ጨቅላ ጎን ድምፁ የጎረነነ ጎረምሳ ይተኛል። አልጋው ስለሚያጥረው እግሩ በብረቱ መሐል ወደ መተላለፊያው ይወጣል፤ እኔ የመድኃኒት ጋሪ እየገፋሁ ሳልፍ አውራ ጣቱን እገጨዋለሁ። ያኔ ለአንደኛ ክፍል መምህሬ አዘንኩላቸው።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አበበች ይባላሉ። ቀጭን ረጅም ሴት ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አሥረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። ከእሳቸው የተማርኩትን በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁትም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ አልተቀበልኩትም።

እንዲህ ነው። ሐሜሶ የሚባል፣ ሐይቅ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል የመጣ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነበር። ከጀልባ ወደ ድንጋይ ዘልሎ ጭኑ ተሰብሮ፣ አጥንቱ ተስተካክሎ እንዲጋጠም እግሩ በገመድና በአሸዋ ከረጢት ተጎትቶ ነው የሚተኛው። በመጀመሪያው ቀን ተረከዙ እንዳልቆሰለ ለማየት በቀጥታ ሄጄ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ልጁ ጮኸ፤ ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሲስብ የአሸዋው ከረጢት እንደ ደወል ተወዛወዘ። ሲስተር አበበች ወደ ኮሪደር ጠሩኝ።

«ማርታ፣ ቤትሽ ሰው ሳያንኳኳ ቢገባ ምን ትያለሽ?»

«ይኼ ሆስፒታል ነው እንጂ ቤቱ አይደለም።»

«ወራት የሚተኛበት ሰውስ ቤቱ ነው። ያውም ከቤቱ የቀረችው ያቺ ብርድ ልብስ ብቻ ናት።»

ተመልሰው ገቡና በመቀሳቸው እጀታ የአልጋውን ብረት ቀስ አድርገው አንኳኩ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ቆሙ። ሐሜሶ ግራ ገብቶት አየኝ። እኔም ግራ ገብቶኝ አየሁት። በመጨረሻ፣ «ይግቡ» አለ።

የሲስተር አበበች ሕግ ይኸው ነበር፤ ብብቱ ፀጉር ላበቀለ ይንኳኳል። መልስ ሳይሰሙ አይገልጡም፣ ሳይቀመጡ አያናግሩም። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ጎረምሶቹ ሕጉን ለራሳቸው አዋሉት። እኔ አንኳኳለሁ፤ ከብርድ ልብሱ ሥር ሐሜሶ፣ «ቤት የለም» ይላል። ወይም «እንግዳ አለብኝ፣ ቆይተው ይምጡ።» እኔን በመርፌ ሰዓት እንዲህ ያለ ቀልድ ደሜን ያፈላው ነበር። ሲስተር አበበች ግን ረጋ ብለው በአንቱታ ይመልሳሉ።

«መቼ ይመቸዎታል፣ አቶ ሐሜሶ?»

«ከሰዓት በኋላ።»

«ከሰዓት በኋላ ይበርዳል። እንግዲያው በር ላይ ልውጋዎት፤ ቂጥዎን ብቻ ወደ ደጅ ያውጡ።»

ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። ሐሜሶም እየሳቀ ይዞራል።

ቀጥሎ ክፍሉን ለሁለት የሚከፍል አንሶላ በገመድ ላይ ዘረጉ። ወዲያ ያለው የጎረምሶቹና የኮረዶቹ ወገን «ትልቅ ሰፈር» ተባለ። የሆስፒታሉ ካድሬ ሲዞር አየውና በየትኛው መመሪያ እንደተሰቀለ ጠየቀ።

«ጓድ፣ መጋረጃ አይደለም» አሉ ሲስተር አበበች። «ታጥቦ የተሰጣ አንሶላ ነው።»

«ክፍል ውስጥ?»

«ውጪ አቧራ ነው።»

አንሶላው እኔ እስከማስታውሰው ድረስ አልደረቀም።

ሙና ወደዚህ ትልቅ ሰፈር የገባችው በአባቷ ጀርባ ታዝላ ነው። አባቷ አቶ ሸምሱ መናኸሪያ አጠገብ ሳሙናና ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ልጅቱ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ራሷን ስታለች፣ ትንፋሿ እንደበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። የስኳር በሽታ ነበር። ለቀናት በደም ሥር ፈሳሽና በኢንሱሊን ስንታገል ቆይተን ዓይኗን ገለጠች። ዶክተሩ ለአባቷ ሲያስረዱ አቶ ሸምሱ በጽሞና አዳመጡና እንዲህ አሉ፦

«ዶክተር፣ አገር በሙሉ ለስኳር ቀበሌ ተሰልፎ እያጣ፣ የእኔ ልጅ ትርፍ ስኳር ከየት አመጣች?» ከዚያ ወደ በሩ ገልመጥ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ብቻ ለሰው አትንገሩብኝ። ነጋዴው አከማችቷል ይሉኛል።»

ሙናን ማስተማር የእኔ ድርሻ ሆነ። በየቀኑ ራሷን ካልወጋች መኖር አትችልም፤ ነገሩ ይኼው ነው። እንደ እሷ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። የመስታወቱን ሲሪንጅ ሳይሰነጠቅ እንዴት እንደሚቀቀል፣ መርፌው መዶልዶሙን ለማወቅ ጫፉን በጥጥ ላይ እንዴት እንደሚጎትቱት፣ ጭረት ካለው ጥጡን ይዞ እንደሚቀር አሳየኋት። ብርቱካን ላይ ተለማመደች፤ ብርቱካኑ ውኃ ሲሞላ ሐሜሶ ተቀብሎ ይበላዋል። ሽንቷንም ራሷ ትመረምራለች፤ ሰማያዊውን ፈሳሽ ከሽንቱ ጋር በቱቦ እሳት ላይ ታሞቃለች። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ስኳር የለውም፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሸክላማ ቀይ እያለ ከሄደ ስኳሩ በዝቷል።

አንድ ጠዋት ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችና፣ «ጓድ ሲስተር፣ ዛሬ ሽንቴ አብዮታዊ ሆኗል» አለች።

ሲስተር አበበች መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወደ በሩ አዩ፣ መልሰው አደረጉ። «ኢንሱሊኑ ላይ ትንሽ ይጨመርላት» አሉኝ። «ምላሷ ላይ ግን ይቀነስ።»

ወደ ቤቷ ስትሄድ የክፍሉ ኩራት ሆና ነው። በየሳምንቱ ለክትትል ትመጣለች፤ ሽንቷ ሰማያዊ፣ ክንዷ ንጹሕ፣ መልሷ ሁሉ ልክ። ቱቦውን ለባልደረቦቼ አሳይ ነበር። ሲስተር አበበች ብቻ አልተደሰቱም።

«ይቺ ልጅ ሰማያዊነቷ በዛ» አሉ አንድ ቀን። «በዚህ ዕድሜ ሰው እንዲህ ልክ አይሆንም። ከማን ጋር ነው የምትውለው?»

«ክፍሏ አንደኛ ናት።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም።»

መጽሐፉ ስለ መርፌው አንግል፣ ስለ እግር ጥፍር አቆራረጥ ሳይቀር ይናገራል፤ ከማን ጋር ትውላለች የሚል ግን የለበትም።

ረመዳን ገባ፤ የሙና ሽንት እንደወትሮው ሰማያዊ ነው። በዚያው ወር የወጣቶች ማኅበር ለበዓል ሰልፍ ባህል አዳራሽ አጠገብ በየቀኑ ያለማምዳል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙና በፈረስ ጋሪ ተጭና መጣች። ልብሷ በላብ ርሷል፣ ሰውነቷ ቀዝቅዟል፣ ጥርሷን ነክሳለች። ጋሪው ላይ አብራት የመጣችው ጓደኛዋ ፈቲያ ከፈረሱ ደወል በላይ ታወራለች፦ በመጀመሪያ የሰልፉ መሪ «የስንፍና ነው» አለ፣ ቀጥሎ አንዷ ጋኔን ነው አለች፣ ከዚያ ውኃ ረጩባት፣ ከዚያ ንግግሩ እስኪያልቅ ጥላ ውስጥ አስተኟት። ማንም አፏ ላይ አንድ ማንኪያ ስኳር ለማድረግ አላሰበም። እንዴት ያስባል? ስኳር እንዳለባት ማንም አያውቅም።

ሲስተር አበበች ትንፋሿን አሸተቱ፤ ያ የፍራፍሬ ሽታ የለም። በዚህ ጊዜ ስኳሩ በዝቶ ሳይሆን አልቆ ነው። ጉሉኮሱን በደም ሥሯ ሲገፉላት መርፌው ገና ሳይወጣ ዓይኗን ገለጠች።

«ሰልፉ አለቀ?» አለች።

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ከሆስፒታል ስትወጣ እናቷ «ወባ ነበር በይ፤ ነገ የሚያገባሽ አይገኝም» ብለዋታል። ወባ ነበር አለች። ወባ የዳነ ሰው ደግሞ ይጾማል፤ ጓደኞቿ ሁሉ ይጾማሉ። እናቷ የሚቋጥሩላትን ዳቦ ለጎረቤት ፍየል እየሰጠች፣ መርፌዋን ግን እንዳስተማርኳት በትክክል እየወጋች፣ ባዶ ሆዷን ትውላለች። ሰማያዊው ቀለም ልኩንና ከልክ በታች የወረደውን አይለይም። እኔ በቱቦው ስኮራ ልጅቱ ወደ ገደል እየወረደች ነበር።

አቶ ሸምሱ ሲደርሱ ይህን ሁሉ ሰምተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «እኔም ያቺ ፍየል በረመዳን እንዴት ወፈረች ስል ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ለታመመ ጾም የለበትም። እኔ ራሴ ነግሬሻለሁ።»

«እኔ አልታመምኩም» አለች ሙና፣ ክንዷ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቶ።

አባትየው በጣም ጨዋ በሆነ ድምፅ ውሳኔያቸውን ነገሩን፦ «በመጀመሪያ ልጄን ስኳሩ ጣላት፣ አሁን የጣላት መርፌያችሁ ነው። መርፌው ይቅርባት። አመሰግናለሁ።» በማግስቱ ይዘዋት ሄዱ።

መርፌው ከቀረ በቀናት ውስጥ እንደ መጀመሪያው በጀርባ ታዝላ ትመለሳለች፤ በሕይወት ለመመለሷም እርግጠኛ አልነበርኩም። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ኢንሱሊን የሚያመነጨውን የጣፊያን ጎረቤት፣ የቆሽትን ሥዕል በወረቀት ላይ ሥዬ አስረዳሁ። ጾመኞቹ ባለቤቶች ለእኔ ሚሪንዳ ከፈቱልኝ፣ ሥዕሉን አደነቁ፣ እስከ በር ሸኙኝ። «አይሆንም» የሚል ቃል አልወጣቸውም። አይሆንም ማለታቸው ግን ነው።

በማግስቱ ሲስተር አበበች አብረውኝ መጡ። ምንም ወረቀት አልያዙም። ሙና በጓዳ ባለው አልጋ ላይ ጋቢ ተከናንባ ተኝታለች፤ ከንፈሯ መድረቅ ጀምሯል፣ ከአልጋው ሥር ባዶ የውኃ ጆግ አለ። ሲስተር አበበች የአልጋውን እንጨት አንኳኩ።

«ቤት የለም» አለ ጋቢው።

«እጠብቃለሁ» አሉና ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። እናቲቱ በሩ ላይ ቆሙ። ሲስተር አበበች ጉልበታቸውን እያሹ ስለ ሐሜሶ ማውራት ጀመሩ፤ በክራንች መራመድ መጀመሩን፣ ብርቱካን ስለቀረበት ማኩረፉን። ቆይቶ ጋቢው ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ከዚያ ፊት ወጣ።

«መርፌው ያምሻል?»

«አያምም።»

«ታዲያ?»

«መርፌ የበሽተኛ ነው። ማታ ማታ ሁሉም ሲያፈጥር እኔ ቀን ተደብቄ ጡጦ እንደሚጠባ ልጅ በሰዓት ልብላ?»

«ይኼን ከእኛ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«ለብቻ ይከብዳል» አሉ። «አንድ ሰው ምረጪ። ከእኩዮችሽ። ስትወድቂ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ አንድ ሰው። እኔ አልመርጥልሽም፣ እናትሽም አይመርጡልሽም።»

ሙና አሰበች። እኔ ረጋ ያለች፣ ምሥጢር የምትጠብቅ አንዲት ልጅ ትጠራለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ፈቲያ።»

እናቲቱ ከበሩ፣ «ፈቲያን? እሷ ጋ የገባ ነገር እኮ ሳይመሽ ዲላ ይደርሳል» አሉ።

«ለሱ ነው» አለች ሙና። «ሁሉም ጋ እየዞርኩ ስናገር ከምኖር፣ አንዴ ለሷ ነግሬ ልገላገል።»

ሲስተር አበበች ወደ እኔ ዞሩ። በሕይወቴ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

የቀረው አባቷ ነበሩ። ሙና ተነሥታ ግድግዳ እየተደገፈች ወደ ማድቤት ሄደች፤ ሲሪንጇን በብረት ድስት ጣደች። አቶ ሸምሱ ቆመው ያያሉ። አንዱን መርፌ በጥጥ ላይ ጎተተችው፤ ያዘ። ጣለችው። ሌላውን ጎተተች፤ አልያዘም። የሲሪንጁን አየር በጣቷ እየመታች አወጣች። ነጋዴው ጨርቅ ሲመረምር እንደሚያደርገው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩና፣ «እንዲህ አጥርታ ታውቀዋለች?» አሉ።

«መርፌውን ታውቀዋለች» አሉ ሲስተር አበበች። «እኛ ያጎደልነው ሌላውን ነው። አቶ ሸምሱ፣ መርፌው እንግዳ ነው። ምግብ ካልቀረበለት የቤቱን ሰው ይበላል። አቅርቡለት፣ አይከፋም።»

«የሚያቀርብለትን የሚቆጣጠርስ?»

«ፈቲያ ትመጣለች።»

አቶ ሸምሱ፣ «እንግዲያው መንግሥትም አይችላትም» አሉና ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

ፈቲያ በዚያው ምሽት ተነገራት። በማግስቱ ጠዋት የዲላ አውቶቡስ ረዳት ሳይቀር ያውቅ ነበር። ከዚያ ሳምንት በኋላ ሙና ወደ ክትትል የመጣችው እየተናደደች ነው።

«ሲስተር፣ መናኸሪያ ውስጥ ብስኩት የሚሸጥልኝ ጠፋ። ሦስት ሱቅ ሄድኩ፤ ሦስቱም ‹አባትሽን እናስፈቅድ› አሉኝ። ደግሞ ሁሉም ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ይዞ ይጠብቀኛል። ትናንት ዝም ብዬ ባዛጋ ሊስትሮው አፌ ውስጥ ከረሜላ ወረወረ።»

«ተፋሽው?»

«ከየት ይገኛል ብለው ነው የሚተፋው?»

ሽንቷን አሞቅን፤ አረንጓዴ ሆነ። ሲስተር አበበች ቱቦውን አይተው፣ «ይኼኔ ነው የምተኛው» አሉ።

በቀጣዩ ዓመት ሲስተር አበበች ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወሩ፤ መቀሳቸውን ይዘው፣ አንሶላውን ለእኔ ትተው። ረመዳን ሲገባ ልቤ አላርፍ ስላለኝ ሳሙና ልግዛ በሚል ወደ አቶ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ቀትር ነው። ሙና ከሱቁ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዳቦ ትበላለች፤ ሳትደበቅ፣ ሁሉም በሚያልፍበት። ከሻሸመኔ አውቶቡስ የወረዱ፣ ሻንጣ የያዙ አንድ አዛውንት ሲያልፉ አይተዋት ቆሙ።

«የማን ልጅ ነሽ? በዚህ ወር፣ በአደባባይ፣ በጠራራ ፀሐይ? አታፍሪም?»

ከማዶ ፈቲያ ተነሣች። ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ረዳቱ አፉን ከፈተ። አቶ ሸምሱ ከመደርደሪያው ኋላ ወደ በሩ መጡ። ሙና እጇን ወደ ሁሉም ዘርግታ አስቆመቻቸው፤ የጎረሰችውን አላምጣ ዋጠች።

«ቆዩ፣ እኔ ልንገራቸው።» ወደ አዛውንቱ ቀና አለች። «አባባ፣ ታማሚ ነኝ። ስኳር አለብኝ። ጠዋት መርፌዬን ተወግቻለሁ፤ ካልበላሁ እወድቃለሁ።»

አዛውንቱ ሻንጣቸውን መሬት አስቀመጡ። «አላህ ያሽርሽ፣ ልጄ» አሉ።

«አሚን።»

ቆመው ቀሩ። እሷም ዳቦዋን እንደያዘች ቀረች።

«ብዪ እንጂ» አሉ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ሰው ቆሞ ሲያየኝ አይወርድልኝም» አለች።

አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ አውቶቡሱ አዞሩላት። እኔም ወደ ሳሙናው ዞርኩ።